የብሪታንያ ምድር ባቡር ወደ ግል መዛወር

የብሪታንያ ምድር ባቡር ወደ ግል መዛወር እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1997 የተካሄደ የመንግሥት ፖሊሲ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ «ብሪቲሽ ሬይል» ይባል የነበረው የመንግሥት ድርጅት ከ100 በላይ በሆኑ ኩባንያዎች ተከፋፍሎ ለግል ባለሀብቶች ተሽጧል ወይም በኮንትራት ተሰጥቷል። ፖሊሲውን ያወጣው የጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር የወግ አጥባቂ ፓርቲ መንግሥት ነው። ሂደቱ እንግሊዝን፣ ስኮትላንድንና ዌልስን ብቻ የሚመለከት ነበር፤ የሰሜን አየርላንድ ባቡር ቀድሞውንም የብሪቲሽ ሬይል አካል ስላልነበረ በመንግሥት እጅ ቀርቷል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባቡርን ወደ ግል ስለማዛወር ክርክር ሲነሳ የብሪታንያው ምሳሌ ሳይጠቀስ የማይቀረው ከሌሎች አገሮች የተለየ መንገድ ስለተከተለ ነው። ጃፓን በ1987 የመንግሥት ባቡሯን ስትከፋፍል አገሪቱን በአካባቢ ከፍላ፣ ሐዲዱንና በላዩ የሚሄደውን የመንገደኛ ባቡር በአብዛኛው በአንድ ኩባንያ ሥር አቆይታለች። ብሪታንያ ግን ሐዲዱን ለአንድ ኩባንያ፣ ባቡሩን ለሌላ፣ ባቡሩን የማሽከርከሩን ሥራ ለሦስተኛ፣ የሐዲዱን ጥገና ደግሞ ለአራተኛ ሰጠች። በኋላ የመጣው ችግር ብዙው ክፍል የሚመነጨው ከዚህ አከፋፈል ነው።

ከግል ወደ መንግሥት

የብሪታንያ ባቡር ሲጀመር የግል ነበር። በ1825 የተከፈተው የስቶክተንና ዳርሊንግተን መስመርም ሆነ በ1830 የተከፈተው የሊቨርፑልና ማንቸስተር መስመር በነጋዴዎች ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት ባቡሮቹን ከተቆጣጠረ በኋላ በ1921 በወጣ ሕግ አብዛኞቹ ኩባንያዎች በአራት ትልልቅ ኩባንያዎች ተጠቃለሉ፤ እነዚህም ከጥር 1 ቀን 1923 ጀምሮ ሥራቸውን ጀመሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሐዲዱንም ባቡሩንም አድክሞ ስለተወው የክሌመንት አትሊ የሌበር መንግሥት በ1947 ባወጣው ሕግ አራቱንም ወርሶ ከጥር 1 ቀን 1948 ጀምሮ የመንግሥት አደረጋቸው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ የግል መኪናና የጭነት መኪና እየበዛ ሲሄድ ባቡሩ ኪሳራ ውስጥ ገባ። በ1963 የድርጅቱ ሊቀ መንበር ሪቻርድ ቢቺንግ ወደ 5,000 ማይል የሚጠጋ መስመርና 2,363 ጣቢያዎች እንዲዘጉ የሚመክር ሪፖርት አቀረበ፤ አብዛኛውም ተፈጸመ። ሆኖም ኪሳራው አልቆመም። በ1968 የወጣው የትራንስፖርት ሕግ፣ ትርፍ ባያስገኙም ለሕዝቡ አስፈላጊ የሆኑ መስመሮች በግልጽ ድጎማ እንዲያገኙ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ባቡሩ በመንግሥት በጀት ላይ ተንጠልጥሎ ኖረ፤ ገንዘብ ሚኒስቴር በጀቱን ሲያጠብ የአዲስ ባቡር ግዥና የሐዲድ ዕድሳት ይዘገያል፣ ሲለቅ ደግሞ ሥራው ይንቀሳቀሳል።

በ1982 ድርጅቱ ከአካባቢያዊ አስተዳደር ይልቅ በሥራ ዘርፍ ተደራጀ፤ የረጅም ርቀት፣ የለንደንና አካባቢው፣ የክፍለ ሀገርና የጭነት አገልግሎቶች እያንዳንዳቸው ወጪያቸውንና ገቢያቸውን የሚያውቅ ኃላፊ ተመደበላቸው። በዚህ አደረጃጀት ብሪቲሽ ሬይል በ1980ዎቹ መጨረሻ ከምዕራብ አውሮፓ ባቡሮች መካከል አነስተኛ ድጎማ ከሚቀበሉት አንዱ ሆኖ ነበር። ተሳፋሪው ግን ይህን አያውቅም ነበር፤ ለእርሱ ብሪቲሽ ሬይል የዘገየ ባቡርና የደረቀ ሳንድዊች ማለት ነበር፣ የቴሌቪዥን ቀልደኞችም በዚህ ይቀልዱ ነበር። ድርጅቱ ሲከፋፈል የሚከላከልለት ሕዝብ ያጣው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቅዱ እንዴት ተዘጋጀ

ማርጋሬት ታቸር ከ1979 እስከ 1990 በሥልጣን ላይ በነበረችበት ዘመን ስልክ፣ ጋዝ፣ አየር መንገድና ውኃ ተሽጠዋል። ከባቡሩም ቢሆን ዳር ዳሩ ተሽጧል፤ ሆቴሎቹ፣ በ1984 የመርከብ አገልግሎቱ፣ በ1989 ደግሞ የባቡር መሥሪያና መጠገኛ ፋብሪካዎቹ ወደ ግል ሄደዋል። ዋናውን ባቡር ግን ታቸር አልነካችውም። የስልክና የጋዝ ኩባንያዎች ትርፋማ ስለነበሩ ገዢ አላጡም፤ ባቡሩ ግን የሚኖረው በድጎማ ነው፣ በየምርጫ ክልሉም በየቀኑ የሚሳፈርበትና የሚያማርር መራጭ አለ።

ወራሿ ጆን ሜጀር ግን በ1992 ምርጫ ባቡሩን ወደ ግል እንደሚያዛውር ቃል ገብቶ አሸነፈ። ጥያቄው «እንሽጥ ወይስ አንሽጥ» ከሚለው ወደ «እንዴት እንሽጥ» ተሻገረ። በጠረጴዛው ላይ በርካታ አማራጮች ነበሩ። የመጀመሪያው ድርጅቱን እንዳለ እንደ አንድ ኩባንያ በአክሲዮን መሸጥ ሲሆን፣ ይህን የብሪቲሽ ሬይል ኃላፊዎች ራሳቸው ይደግፉት ነበር። ሁለተኛው ከ1948 በፊት እንደነበሩት ዓይነት የአካባቢ ኩባንያዎችን መመለስ ሲሆን ሜጀር ልቡ ወደዚህ ያዘነብል እንደነበር ይነገራል። ሦስተኛው በ1982 በተፈጠሩት የሥራ ዘርፎች መሠረት መሸጥ ነው። አራተኛው ደግሞ ሐዲዱን ለብቻ ይዞ፣ በላዩ የተለያዩ ኩባንያዎች እንዲወዳደሩበት ማድረግ ነበር።

ያሸነፈው አራተኛው ነው፤ ግፊቱም በዋናነት የመጣው ከገንዘብ ሚኒስቴር ነበር። የሚኒስቴሩ ባለሙያዎች ቀደም ሲል ጋዝ እንደ አንድ ድርጅት ሲሸጥ የመንግሥት ሞኖፖሊ ወደ ግል ሞኖፖሊ ብቻ መለወጡን አይተው ነበር፤ ይህንን በባቡር ላይ መድገም አልፈለጉም። ሐዲድ እንደ አውራ ጎዳና፣ ባቡሩ እንደ አውቶቡስ ይታይ የሚል አስተሳሰብ ነበራቸው። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1991 ያወጣው መመሪያ 91/440ም የሐዲዱ ሒሳብ ከባቡር ማሽከርከሩ ሒሳብ እንዲለይ ያዝዝ ስለነበር ለዚህ ሐሳብ መደገፊያ ሆነ። መመሪያው ግን የጠየቀው የሒሳብ መዝገብ መለየትን እንጂ ድርጅቱን መሰንጠቅን አልነበረም፤ ፈረንሳይና ጀርመን ከዚያ በጣም ባነሰ ለውጥ መመሪያውን ፈጽመዋል።

አንድ መንገድ ላይ ሁለት አውቶቡሶች ሊቀዳደሙ ይችላሉ። አንድ ሐዲድ ላይ ያሉ ሁለት ባቡሮች ግን አይቀዳደሙም፤ የፊተኛው ከዘገየ የኋለኛውም ይዘገያል፣ ስለዚህ ሰዓቱን፣ መብራቱንና ጥገናውን አንድ አካል ማቀናጀት አለበት። የባቡር መሐንዲሶች ይህንን በወቅቱ ተናግረው ነበር። ከወግ አጥባቂው ፓርቲም ውስጥ ተቃውሞ ተነሥቷል፤ የፓርላማው የትራንስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢና የባቡር ወዳጅ የነበረው የፓርቲው እንደራሴ ሮበርት አድሊ ዕቅዱን «በመንኮራኩር የሚሄድ ፖል ታክስ» ብሎ ጠራው። ፖል ታክስ ታቸርን ለውድቀት ካበቋት ምክንያቶች አንዱ የሆነው በነፍስ ወከፍ የሚጣል ግብር ነበር። አድሊ በግንቦት 1993 ሕጉ ሳይጸድቅ ሞተ።

መንግሥት የፖሊሲ ሰነዱን በሐምሌ 1992 አወጣ። የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጆን ማክግሬገር ያቀረበው ረቂቅ በሁለቱ ምክር ቤቶች ብዙ ማሻሻያ ከተደረገበት በኋላ ኅዳር 5 ቀን 1993 የባቡር ሕግ ሆኖ ጸደቀ። የሚቀጥለው ምርጫ ከ1997 ማለፍ ስለማይችል መንግሥት የቀረው ጊዜ ከአራት ዓመት ያነሰ ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረገው ሁሉ የችኮላ ምልክት ያለበት ለዚህ ነው።

አዲሱ አወቃቀር

ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ሚያዝያ 1 ቀን 1994 ነው። በዚያ ቀን ሐዲዱ፣ ድልድዮቹ፣ ዋሻዎቹ፣ የምልክት መብራቶቹና ጣቢያዎቹ «ሬይልትራክ» ለተባለ አዲስ ኩባንያ ተላለፉ። ሬይልትራክ ራሱ ባቡር አያሽከረክርም፤ ሐዲዱን ለሚጠቀሙ ኩባንያዎች ያከራያል። ከትልልቆቹ ጣቢያዎች በስተቀር አብዛኞቹን ጣቢያዎችም ለእነዚሁ ኩባንያዎች አከራይቷል።

የመንገደኛ አገልግሎቱ በ25 ተከፍሎ እያንዳንዱ በጨረታ ለተወሰነ ዓመት ይሰጥ ጀመር፤ የኮንትራቱ ዘመን ለአብዛኞቹ 7 ዓመት ገደማ ሲሆን ለጥቂቶቹ 15 ዓመት ደርሷል። ጨረታው የሚታየው በአብዛኛው በአንድ ቁጥር ነው፤ አገልግሎቱን ለመስጠት ከመንግሥት አነስተኛ ድጎማ የሚጠይቅ ወይም ለመንግሥት ብዙ ለመክፈል ቃል የሚገባ ያሸንፋል። ካሸነፉት መካከል ብዙዎቹ ስቴጅኮችንና ናሽናል ኤክስፕረስን የመሳሰሉ የአውቶቡስ ኩባንያዎች ነበሩ።

እነዚህ ኩባንያዎች ባቡር የላቸውም። ለ7 ዓመት ኮንትራት ብሎ ሠላሳ ዓመት የሚያገለግል ባቡር የሚገዛ ስለማይኖር፣ የብሪቲሽ ሬይል የመንገደኛ ባቡሮች በሙሉ ኤንጅል፣ ኤቨርሾልትና ፖርተርብሩክ ለተባሉ ሦስት አከራይ ኩባንያዎች ተከፋፈሉ። የባቡር ኩባንያው ከእነርሱ ባቡር፣ ከሬይልትራክ ሐዲድ ተከራይቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ትኬት ሸጦ ይሠራል። የሐዲዱ ጥገናና ዕድሳት ለብቻው በ13 ኩባንያዎች ተከፍሎ ለሥራ ተቋራጮች ተሸጠ። የጭነት አገልግሎቱም በበርካታ ኩባንያዎች ተከፍሎ እንዲወዳደር ታስቦ ነበር፤ በ1996 ግን ዊስኮንሲን ሴንትራል በተባለ የአሜሪካ ባቡር የሚመራ ቡድን አብዛኛውን ገዝቶ መልሶ አንድ አደረገው። በዚህ ሁሉ ላይ ሁለት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተቋቋሙ፤ አንዱ የሐዲድ ኪራዩን ዋጋ ይቆጣጠራል፣ ሌላው የመንገደኛ ኮንትራቶቹን ያጫርታል።

ክፍሎቹን የሚያያይዛቸው ውል ነው። ቀድሞ በአንድ ቢሮ ውስጥ በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ አሁን በሁለት ኩባንያዎች መካከል የሚደረግ ክፍያ ሆነ። ለምሳሌ አንድ ባቡር 3 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ቢዘገይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተጣርቶ ይመዘገባል፤ መብራቱ ተበላሽቶ ከሆነ የሐዲዱ ባለቤት ለባቡር ኩባንያው ይከፍላል፣ የባቡሩ ሞተር ቆሞ ሌላውን ካዘገየ ደግሞ ባቡር ኩባንያው ይከፍላል። ይህን የሚያጣሩና የሚከራከሩ ሠራተኞች በየኩባንያው ተቀጠሩ። የዚህ አሠራር ደጋፊዎች መዘግየት ዋጋ ስለወጣለት የሚከታተለው አገኘ ይላሉ፤ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ጉልበቱ የሚባክነው ባቡሩን በማፍጠን ሳይሆን ጥፋተኛውን በመፈለግ ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ሽያጩ

የመጀመሪያዎቹ የግል ባቡሮች የተንቀሳቀሱት የካቲት 4 ቀን 1996 ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከትዊክናም ተነሥቶ ለንደን ዋተርሉ የገባው የሳውዝ ዌስት ትሬንስ ባቡር ከ48 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ተደርጎ ይጠቀሳል። በዚያው ቀን ሊጀምር የነበረ ሦስተኛ ኮንትራት፣ ከለንደን ወደ ቲልበሪና ሳውዝኤንድ የሚሄደው መስመር፣ በዋዜማው ከትኬት ገቢ ጋር የተያያዘ ማጭበርበር በመገኘቱ ታግዷል። ሳውዝ ዌስት ትሬንስ ራሱም በዓመቱ ተሰናከለ፤ ወጪ ለመቀነስ ወደ 70 የሚሆኑ ነጂዎችን ካሰናበተ በኋላ በ1997 መጀመሪያ ነጂ አጥቶ በየቀኑ በርካታ ባቡሮችን ለመሰረዝ ተገዷል።

ባቡር አከራዮቹ ሦስቱ በአንድነት በ1.8 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ተሸጡ። ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ፖርተርብሩክን የገዙት ሥራ አስኪያጆቹና ደጋፊዎቻቸው ወደ 528 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍለው፣ አንድ ዓመት ሳይሞላ ለስቴጅኮች በ825 ሚሊዮን ገደማ ሸጡት። ሌሎቹ ሁለቱም በአጭር ጊዜ ውስጥ በትርፍ ተሸጠዋል። መንግሥት ንብረቱን ከዋጋው በታች እንደሸጠ የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ሆኖም ገዢዎቹ ሲገዙ የሌበር ፓርቲ ተመልሶ ይወርሰዋል የሚል ሥጋት እንደነበረባቸውና ርካሽ የሆነውም በዚህ ሥጋት መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ሬይልትራክ መጀመሪያ ላይ በመንግሥት እጅ እንዲቆይ ታስቦ ነበር፤ ኋላ ግን ከምርጫው በፊት እንዲሸጥ ተወሰነና በግንቦት 1996 በለንደን የአክሲዮን ገበያ ቀረበ። መንግሥት ወደ 1.9 ቢሊዮን ፓውንድ አገኘበት። የመጨረሻው የመንገደኛ ኮንትራት የስኮትላንዱ ሲሆን መጋቢት 31 ቀን 1997 ተላለፈ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ግንቦት 1 ቀን፣ ወግ አጥባቂዎቹ በከፍተኛ ልዩነት ተሸነፉ። ሽያጩን ሲቃወም የቆየው ሌበር ግን መልሶ ለመግዛት ገንዘብ ማውጣት ስላልፈለገ አወቃቀሩን እንዳለ ተቀበለው።

ሬይልትራክና የሃትፊልድ አደጋ

የሬይልትራክ አክሲዮን ሲሸጥ ዋጋው 4 ፓውንድ አይሞላም ነበር፤ በኅዳር 1998 ከ17 ፓውንድ አለፈ። ኩባንያው ይመራ የነበረው ባብዛኛው ከባቡር ሙያ ውጭ በመጡ ሰዎች ሲሆን በጣቢያዎቹ አካባቢ ባለው መሬትና ሕንፃ ለመነገድም ትልቅ ተስፋ ነበረው። በሐዲድ ኪራዩ ውስጥ ከ10 እጅ 9 ያህሉ ቋሚ ክፍያ ስለነበር ተጨማሪ ባቡር ሲመጣ ሬይልትራክ የሚያገኘው ጥቂት ነው፣ የሐዲዱ መበላት ግን በእርሱ ላይ ይወድቃል። ጥገናውን የሚሠሩት ደግሞ ተቋራጮች በመሆናቸው ባለቤቱ ሐዲዱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚያሳይ የተሟላ መዝገብ እንኳ አልነበረውም።

መስከረም 19 ቀን 1997 በሳውዝሆል በደረሰ ግጭት 7 ሰዎች ሞቱ። ጥቅምት 5 ቀን 1999 በለንደን ላድብሮክ ግሮቭ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ተጋጭተው 31 ሰዎች ሞቱ። አንደኛው ባቡር ቀይ መብራት ጥሶ ነበር፤ መብራቱ ለእይታ የማይመች በመሆኑ ከዚያ በፊት በነበሩት ስድስት ዓመታት 8 ጊዜ ተጥሶ እንደነበር ምርመራው አሳይቷል። ይህን የሚያውቁ በርካታ ሰዎች በበርካታ ኩባንያዎች ውስጥ ነበሩ፤ መብራቱን የማስተካከል ግዴታ ግን በማንም ላይ አጥብቆ አላረፈም።

የአወቃቀሩን ድክመት በግልጽ ያወጣው ግን በሟቾች ቁጥር ከሁለቱም ያነሰው አደጋ ነው። ጥቅምት 17 ቀን 2000 ከለንደን ወደ ሊድስ በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄድ የነበረ ባቡር በሃትፊልድ አጠገብ ከሐዲዱ ወጣ፤ 4 ሰዎች ሞቱ፣ ከ70 በላይ ቆሰሉ። ሐዲዱ ከባቡሩ ሥር ከ300 በላይ ስብርባሪ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ የመንኮራኩሩ ክብደት በተደጋጋሚ ሲያልፍበት በሐዲዱ ራስ ላይ የሚፈጠር የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ነው፤ ጠልቆ ሲገባ ብረቱን ይሰብረዋል። ስንጥቁ አስቀድሞ ታይቷል። የሚተካው አዲስ ሐዲድም ከወራት በፊት ተጭኖ መጥቶ በመስመሩ ዳር ተቀምጦ ነበር። ባለቤቱ አንድ፣ የሚጠግነው ሌላ፣ የሚያድሰው ሦስተኛ ኩባንያ ስለነበሩ፣ ሐዲዱን ለመቀየር መስመሩን የሚዘጉበትን ሰዓት ሳይስማሙበት ጊዜው አለፈ። እስኪቀየር ድረስ ባቡሮች በዝግታ እንዲያልፉ ማዘዝ ይቻል ነበር፤ ያዘዘ ግን አልነበረም።

ከአደጋው በኋላ የሆነው ደግሞ ያላዋቂነቱን መጠን አሳየ። ተመሳሳይ ስንጥቅ የትና ስንት ቦታ እንዳለ ሬይልትራክ ስላላወቀ በመላ አገሪቱ ከ1,000 በላይ ቦታዎች ላይ የፍጥነት ገደብ ጣለ። ለወራት የባቡር ጉዞ ተመሰቃቀለ፤ የአንድ ሰዓት መንገድ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይፈጅ ጀመር። ኩባንያው ለባቡር ኩባንያዎች ካሣ ሲከፍልና ሐዲድ ሲቀይር በግንቦት 2001 ባቀረበው ሒሳብ 534 ሚሊዮን ፓውንድ ኪሳራ አሳየ። በዚያው ወር ከመንግሥት እርዳታ እየጠየቀ ለባለአክሲዮኖች 137 ሚሊዮን ፓውንድ ትርፍ ማከፋፈሉ ከፍተኛ ቁጣ አስነሣ።

ሌላው ያወደመው የምዕራብ ጠረፍ ዋና መስመር ዕድሳት ነው። ከለንደን ወደ ግላስጎው የሚሄደውን ይህን መስመር ሬይልትራክ በ2 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ አድሶ ባቡሮች በሰዓት 140 ማይል እንዲሄዱበት ለቨርጂን ቃል ገብቶ ነበር። ዕቅዱ የተመሠረተው በዋና መስመር ላይ ተፈትኖ በማያውቅ የምልክት ቴክኖሎጂ ላይ ሲሆን፣ ቴክኖሎጂው ሳይሠራ ቀረ። ሥራው በመጨረሻ ሲጠናቀቅ ወጪው ወደ 9 ቢሊዮን ደርሶ፣ ፍጥነቱ 125 ማይል ላይ ቆሞ ነበር።

ጥቅምት 7 ቀን 2001 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ስቲቨን ባየርስ ተጨማሪ ገንዘብ ከልክሎ ፍርድ ቤት ሬይልትራክን በአስተዳዳሪ ሥር እንዲያደርገው ጠየቀ፤ ተፈቀደም። በጥቅምት 2002 ሐዲዱ «ኔትወርክ ሬይል» ለተባለ፣ ባለአክሲዮን ለሌለውና ትርፍ ለማያከፋፍል ድርጅት ተላለፈ። ከባለአክሲዮኖቹ ብዙዎቹ መንግሥትን ቢከሱም በ2005 ተረቱ። ኔትወርክ ሬይል የጥገናውን ሥራ ከተቋራጮች ነጥቆ ራሱ መሥራት ጀመረ፤ በ2014 ደግሞ ዕዳው በመንግሥት ዕዳ ውስጥ እንዲቆጠር ተደርጎ በይፋ የመንግሥት አካል ሆነ። ስለዚህ ከሽያጩ ዋና ክፍሎች አንዱ የሆነው የሐዲዱ ሽያጭ በተግባር የቆየው ለስድስት ዓመት ብቻ ነው።

ውጤቱ ሲመዘን

ከሽያጩ ወዲህ የተሳፋሪው ቁጥር በጣም ጨምሯል። በ1994/95 የበጀት ዓመት 735 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ጉዞ በ2018/19 ከ1.7 ቢሊዮን በልጧል። ደጋፊዎች ይህን የግል ኩባንያዎች ቅስቀሳ፣ የርካሽ ትኬት ፈጠራና የተጨማሪ ባቡሮች ውጤት ያደርጉታል። ተቃዋሚዎች ደግሞ የኢኮኖሚው ዕድገት፣ የለንደን መስፋፋትና የመንገድ መጨናነቅ ነው ይላሉ። ብሪቲሽ ሬይል ራሱም በ1980ዎቹ አጋማሽ ኢኮኖሚው ሲያድግ የተሳፋሪ ጭማሪ አይቶ እንደነበረ ሲታይ ሁለተኛው ማብራሪያ ቀላል አይደለም፤ ይሁንና የጭማሪው ርዝመትና ስፋት በእርሱ ብቻ የሚገለጽ አይመስልም።

በደኅንነት በኩል ሕዝቡ የሚያስታውሰው ላድብሮክ ግሮቭንና ሃትፊልድን ስለሆነ ሽያጩ ባቡሩን አደገኛ አደረገው የሚል እምነት ሰፊ ነው። በቁጥር ሲታይ ግን በባቡር አደጋ የሚሞተው ሰው ከሽያጩ በፊት እየቀነሰ ነበር፣ ከሽያጩ በኋላም መቀነሱን ቀጥሏል። በብሪቲሽ ሬይል ዘመን፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1988 በክላፕሃም በደረሰው ግጭት 35 ሰዎች መሞታቸውም ሊረሳ አይገባም።

የታሰበው የገንዘብ ቁጠባ ግን አልተገኘም። ድጎማው ለጥቂት ዓመታት ቢቀንስም ከሃትፊልድ በኋላ ብሪቲሽ ሬይል ከነበረበት በላይ ወጥቷል። በ2011 ሰር ሮይ ማክነልቲ ለመንግሥት ባቀረበው ጥናት የብሪታንያ ባቡር ከሌሎች የአውሮፓ ባቡሮች ጋር ሲነጻጸር 40 በመቶ ገደማ ወጪውን መቀነስ እንዳለበት ገልጾ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ የኩባንያዎቹ መበታተን መሆኑን አመልክቷል። የትኬት ዋጋም ለተሳፋሪው ዋና ቅሬታ ሆነ። ግማሽ ያህሉ ትኬት በመንግሥት ጣሪያ የተያዘ ነው፤ ጣሪያው እስከ 2003 ከዋጋ ንረት በታች ሲሆን ከ2004 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ከንረቱ 1 በመቶ በላይ እንዲጨምር ተፈቅዷል፣ የቀረው ግማሽ ገደብ የለውም።

የኮንትራቱ ጨረታም የራሱን በሽታ አመጣ። አብልጦ ቃል የገባ ስለሚያሸንፍ ተጫራቾች የማይደረስበት ገቢ ገምተው ይገቡ ነበር። ከለንደን ወደ ኤድንብራ የሚሄደው የምሥራቅ ጠረፍ መስመር ሦስት ጊዜ ወድቋል፤ ጂኤንኢአር በ2007፣ ናሽናል ኤክስፕረስ በ2009፣ በስቴጅኮችና በቨርጂን የተያዘው ኩባንያ ደግሞ በ2018 ለቀውታል። በ2009ና በ2018 መንግሥት ራሱ ተረክቦ አሽከርክሮታል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስገርመው፣ ሕጉ የብሪታንያ መንግሥት በጨረታው እንዲገባ ባይፈልግም የሌሎች አገሮች መንግሥታትን አለመከልከሉ ነው። በዚህ መንገድ የጀርመን፣ የፈረንሳይ፣ የኔዘርላንድና የጣሊያን የመንግሥት ባቡሮች በቅርንጫፍ ኩባንያዎቻቸው በኩል የብሪታንያ ተሳፋሪዎችን ሲያጓጉዙ ኖረዋል።

ወደ መንግሥት መመለስ

በግንቦት 2018 የተለወጠው የጉዞ ሰሌዳ በሰሜን እንግሊዝና በለንደን አካባቢ ለሳምንታት ከፍተኛ ትርምስ ካስከተለ በኋላ ወግ አጥባቂዎቹ ራሳቸው አወቃቀሩ እንዲጠና አዘዙ። ጥናቱ ሳያልቅ በመጋቢት 2020 የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ ተሳፋሪ ሲጠፋ መንግሥት የኩባንያዎቹን ገቢና ወጪ በሙሉ ተረከበ፣ የቀድሞው የኮንትራት ሥርዓትም በዚያው አበቃ። በግንቦት 2021 ሐዲዱንና የባቡር ኮንትራቶቹን አንድ ላይ የሚመራ «ግሬት ብሪቲሽ ሬይልዌይስ» የተባለ መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም ዕቅድ ወጣ። የዌልስ አገልግሎት በ2021፣ የስኮትላንድ ደግሞ በ2022 በየአስተዳደሮቻቸው እጅ ገቡ።

በ2024 ምርጫ ያሸነፈው ሌበር በዚያው ዓመት ኅዳር 28 ቀን በጸደቀ ሕግ፣ የግል ኩባንያዎች የያዟቸው የመንገደኛ ኮንትራቶች ጊዜያቸው ሲያልቅ ወደ መንግሥት እንዲመለሱ ደነገገ። ኮንትራቱ እስኪያልቅ መጠበቁ ካሣ ከመክፈል ያድናል። በአዲሱ ሕግ መጀመሪያ የተመለሰው፣ በ1996 መጀመሪያ ወደ ግል ከሄዱት አንዱ የሆነው የደቡብ ምዕራብ መስመር ሲሆን፣ ርክክቡ የተፈጸመው ግንቦት 25 ቀን 2025 ነው። በዚያን ቀን ሐዲድ በመጠገን ላይ ስለነበር የመጀመሪያው ጉዞ በከፊል የተካሄደው በአውቶቡስ ነበር።

ሕጉ የጭነት ባቡሮችን አይነካም። የመንገደኛ ባቡሮቹም በአብዛኛው የአከራይ ኩባንያዎቹ ንብረት ሆነው ይቀጥላሉ፤ መንግሥት በ1996 ከሸጣቸው መካከል አሁንም የሚሠሩትን የሚያሽከረክረው ተከራይቶ ነው።